ጎርፍ ከተራራ፣ አደጋ ከሰፈር

የሚከተለው ምንባብ በገላጭ ድርሰት መልክ የተጻፈ ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከምን እንደሚነሣና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የጽሑፍ ዐይነት ነው። ተማሪዎች፣ ምንባቡን ስታነቡ ዋናው ሐሳብ በየትኛው አንቀጽ እንደ ተቀመጠና ምሳሌዎቹ ለምን እንደ ገቡ ልብ በሉ።

«ጎርፍ ሰው ገደለ» የሚል ወሬ በክረምት ወራት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ዐይን ሲታይ ጉድለት የለበትም፤ ባለቤት አለው፣ ተሳቢ አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ባለቤቱም «ጎርፍ» ነው። በምክንያት ዐይን ሲመረመር ግን ነገሩ ገና አላለቀም። ጎርፉ የመጣው ከየት ነው? የሞተው ሰው ቤቱን በዚያ ቦታ የሠራው ስለ ምን ነው? ጎርፉ መምጣቱን አስቀድሞ የነገረው ሰው ነበርን? ጎረቤቱስ በምን ምክንያት ሊተርፍ ቻለ? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ጎርፉን ከመውቀስ በቀር የሚደረግ ነገር አይኖርም፤ ጎርፍ ደግሞ ወቀሳ አይሰማም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ተፈጥሮ የሚያመጣው ኀይል ነው። ይኸውም ከባድ ዝናብ፣ ጎርፍ፣ ብርቱ ሙቀት፣ ድርቅ፣ የመሬት መንሸራተትና ይህን የመሳሰለው ነው። ሁለተኛው አደጋው ነው። አደጋ የምንለው ያ ኀይል በሰው ሕይወት፣ በቤትና በንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ነው። ሰውም ከብትም በማይገኝበት ገደል ውስጥ የሚወርድ ጎርፍ የቱንም ያህል ቢበረታ አደጋ አይባልም። ያው ጎርፍ ቤቶች በተጨናነቁበት ሰፈር መካከል ሲያልፍ ግን በአንድ ሌሊት ብዙ ሕይወት ያጠፋል። እንግዲህ ኀይሉ ከተራራ ይመጣል፤ አደጋው ግን የሚደርሰው በሰፈር ውስጥ ነው። አንድን ኅብረተሰብ ለእንዲህ ዐይነቱ ጥፋት አሳልፎ የሚሰጠው ሁኔታ ተጋላጭነት ይባላል።

ይህን ለመረዳት በድሬዳዋ ከተማ የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳማ ቦታ ላይ ነው። በስተደቡብ በኩል ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚሉ የሐረርጌ ተራሮች ይታያሉ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሕዝቡ እንደ መንገድ ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ለዓመታት ደርቆ የሚያዩትን ወንዝ እንደ ወንዝ መቁጠር ለሰው ልጅ ቀላል አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ በተራሮቹ ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ውሃው በገደላገደሉ ተሰብስቦ፣ አፈርና ድንጋይ እየጠረገ፣ ሕዝቡ በተኛበት ሰዓት ከከተማዋ ደረሰ። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ። ጥፋቱ እጅግ የበረታው በወንዙ ዳርና ዝቅ ባሉት ሰፈሮች ነበር። ከወንዙ ርቀው ከፍ ባለ ቦታ የነበሩት ግን በዚያችው ከተማ፣ በዚያችው ሌሊት ተኝተው አደሩ።

አንድ ዝናብ፣ አንድ ከተማና አንድ ሌሊት ሲሆን የሰዎቹ ዕጣ ይህን ያህል የተለያየው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ አደጋው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት መጠየቅ የተጋላጭነት ጥናት ይባላል። ጥናቱ በሦስት ዋና ዋና ጥያቄዎች ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሊመጣ ይችላል?» የሚለው ነው። ሁሉም ከተማ የሚያሰጋው ነገር አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱን የሚያሰጋው ጎርፍ፣ ሌላውን የውሃ እጥረት፣ ሌላውንም የመሬት መናድ ሊሆን ይችላል። የድሬዳዋን ስጋት ልዩ የሚያደርገው ጎርፉ ደራሽ መሆኑ ነው። ደራሽ ጎርፍ የሚባለው በድንገት ሞልቶ፣ በፍጥነት ወርዶ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያልፈው ነው። ተራራው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የሳሳ፣ አፈሩም የተሸረሸረ ሲሆን ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ በላይ በላዩ ይወርዳል። በከተማዋ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ከላይ የዘነበው ውሃ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ ሊተማመን አይገባውም፤ የተራራውን ሰማይ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «በመንገዱ ላይ ማን አለ? ምንስ አለ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠሩት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ድልድዮች፣ የውሃ ጉድጓዶችና ገበያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ሰዎቹ በዚያ ቦታ የሰፈሩበትን ምክንያትም ማወቅ ያሻል። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው አደጋውን ስለማያውቅ ነው ብሎ መፍረድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የቤቱ ኪራይ ዝቅተኛ ነው፤ ገበያው ቅርብ ነው፤ የቀን ሥራም በእግር ተሂዶ ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ከ341,000 በላይ ሰዎች የተቆጠሩ ሲሆን ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የሚበልጡት በከተማዋ ውስጥ ነዋሪዎች ነበሩ። ከተማ በፍጥነት ሲያድግ ደኅናው ቦታ አስቀድሞ ይያዛል፤ በመጨረሻ የሚመጣውና ገንዘብ የሌለው ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው። የተረፈውም ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር፣ ገደል አፋፍ ወይም የቆሻሻ ክምር ግርጌ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ጉዳቱን የሚያከብደው፣ የሚያቀለውስ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ለምሳሌ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ወንዝ ዳር ይኖራሉ እንበል። የአንደኛው ቤት በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ ልጆቹ ጎልማሶች ናቸው፤ በሌላ ሰፈር የሚያስጠጋው ዘመድ አለው፤ ያጠራቀመው ገንዘብም አለ። የሁለተኛዋ ቤት ጭቃ ነው፤ ከአልጋ የማይነሡ እናት አሏት፤ ሀብቷም ሁሉ በቤቷ ውስጥ ያለው የጉልት ዕቃ ነው። ውሃው በሁለቱም በር ላይ በአንድ ሰዓት ቢደርስ እንኳ ጉዳቱ አንድ አይሆንም። አንደኛው በሦስት ወር ውስጥ ወደ ቀድሞ ኑሮው ሊመለስ ይችላል፤ ሁለተኛዋ ግን በሕይወት ብትተርፍም ከዕዳ ሳትወጣ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ተጋላጭነት የሚለካው በቤትና በወንዝ መካከል ባለው ርቀት ብቻ አይደለም፤ በዕድሜ፣ በጤና፣ በገቢ፣ በዕውቀትና በረዳት ብዛት ጭምር ነው።

ተጋላጭነት የድኻ አገር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በነሐሴ ወር 1995 ዓ.ም. በምዕራብ አውሮፓ ላይ ያልተለመደ ሙቀት ወረደ። በፈረንሳይ አገር ብቻ 15,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። አገሪቱ ሀብታም ናት፤ ሐኪሞቿና ሆስፒታሎቿም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከሞቱት እጅግ የሚበዙት አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በራቸውን አንኳኩቶ «እንዴት አደሩ?» የሚላቸው ሰው ያጡ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ብቸኝነትም ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆኑን ነው። በአንጻሩ ደግሞ በአገራችን ከተሞች ያሉት እድርና ጉርብትና በማናቸውም የገንዘብ መዝገብ ላይ የማይጻፉ ሀብቶች ናቸው። የእድር ጥሩንባ ነፊ የሰፈሩን ቤቶች ሁሉ ያውቃል፤ በየትኛው ቤት የታመመ ሰው እንዳለም ይሰማል። ጥናቱ የሰፈሩን ድክመት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውን ጥንካሬም መመዝገብ ይኖርበታል።

አደጋ ሁሉ ከሰማይ የሚወርድ አለመሆኑን ደግሞ በአዲስ አበባ የደረሰው ሐዘን ያስረዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ ለብዙ ዓመታት የተቆለለው ክምር ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል ከክምሩ ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። ለእነርሱ ያ ቦታ ቤታቸውም የእንጀራ ገመዳቸውም ነበር። በዚህ ጊዜ ክምሩን የቆለለው ወንዝ ወይም ተራራ ሳይሆን ከተማው ራሱ ነው። ክምሩ ከዓመት ዓመት ሲያድግ፣ ቤቶቹም ከዓመት ዓመት ሲቀርቡት ይታይ ነበር። ይህን የመሰለውን በዝግታ የሚያድግ ስጋት አስቀድሞ ለይቶ ማሳወቅ ከጥናቱ ተግባሮች አንዱ ነው።

እስካሁን በተነገረው ላይ ዘመናችን ሌላ ነገር ጨምሮበታል፤ እርሱም የአየር ንብረት ለውጥ ነው። የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ በብዛት በማቃጠሉ፣ ደንንም በመመንጠሩ የምድር ሙቀት ከፍ ብሏል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት አማካዩ የምድር ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን አየሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት ከመቶ 7 እጅ ያህል ይጨምራል። ብዙ የተሸከመ አየርም በሚያራግፍበት ጊዜ ዝናቡ ይበረታል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከመሬት ላይ ያለውን እርጥበት ፈጥኖ ስለሚያደርቅ ድርቁም ይከፋል።

ይህ ለውጥ በቀድሞ ልምድ ብቻ መመራትን አስቸጋሪ አድርጎታል። «ውሃ እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚለው የሽማግሌ ቃል ትልቅ ዋጋ አለው፤ ያለፈውን ዘመን በትክክል ይነግረናል። የሚመጣውን ዘመን ግን ሊዋስልን አይችልም። በዚህ ምክንያት የዛሬ ጥናት የሰውን ትዝታና የመሣሪያን ልኬት አንድ ላይ ይይዛል። ሽማግሌው ውሃው በግድግዳው ላይ እስከ የት እንደ ደረሰ ያሳያል፤ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያው ደግሞ የዝናቡ መጠን እንዴት እየተለዋወጠ እንደ ሄደ ያስረዳል።

ታዲያ ጥናቱ በተግባር የሚካሄደው እንዴት ነው? ሥራው በቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚያልቅ አይደለም። አጥኚዎች በሰፈሩ ውስጥ በእግር ይዘዋወራሉ፤ የውሃ መውረጃ ቦዮች ክፍት መሆናቸውን ወይም በቆሻሻ መደፈናቸውን ያያሉ፤ ነዋሪዎችን ይጠይቃሉ፤ ያገኙትንም በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ይህ ሥራ ለተማሪዎችም የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ በሌላ አገር ይገኛል። በታንዛኒያ ትልቋ ከተማ ዳሬሰላም ጎርፍ በተደጋጋሚ ጉዳት ያደርስ ስለ ነበር፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች በአንድነት ተሰማርተው ቤቶችን፣ መንገዶችንና ቦዮችን በካርታ ላይ አስቀመጡ። ቀድሞ በካርታ ላይ ስማቸው እንኳ ያልነበረ ጠባብ መንገዶች ተመዘገቡ። ነዋሪውም ውሃው ከየት እንደሚገባና እስከ የት እንደሚደርስ ተናገረ። በካርታ ላይ የሌለ ሰፈር በዕቅድም በበጀትም ይዘነጋል፤ በአደጋ ጊዜም አምቡላንሱ መንገዱን አያገኘውም።

ከጥናቱ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ እንደየጥያቄው መልስ ይለያያል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ በተራራው ላይ ይሠራል፤ ይኸውም እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከልና ዝናቡን የሚለኩ መሣሪያዎችን ማቆም ነው። ለሁለተኛው መልሱ ግንብ መገንባት፣ ቦይ መጥረግና በወንዙ መንገድ ላይ አዲስ ቤት እንዳይሠራ መከልከል ነው። ለሦስተኛው መልሱ ማስጠንቀቂያው ለማን፣ በማን በኩል እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰንና ለመሸሽ ረዳት የሚሹትን ለይቶ ማወቅ ነው። በድሬዳዋም ከ1998 ዓ.ም. አደጋ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል፤ በተራሮቹም ላይ አፈርና ውሃን የመጠበቅ ሥራ ተካሂዷል።

ይሁንና እያንዳንዱ መፍትሔ የራሱ ፈተና አለው። ግንብ ሲሠራ ሰው ይተማመናል፤ ተማምኖም ከግንቡ ጥግ አዲስ ቤት ይሠራል። ከግንቡ የሚበልጥ ጎርፍ የመጣ ዕለት ጉዳቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። ነዋሪዎችን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ወደ ሩቅ ቦታ ማስፈርም ሕይወት ያድናል። ነገር ግን በአዲሱ ሰፈር ሥራ፣ ትምህርት ቤትና መጓጓዣ ካልተገኘ፣ ሰውየው ልጆቹን ለማብላት ሲል ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳል። የሰውየው መመለስ ግትርነት አይደለም፤ በሁለት ስጋቶች መካከል ቆሞ የዛሬውን ረኀብ ከነገው ጎርፍ አስቀድሞ መፍራቱ ነው። ስለዚህ መልካም ጥናት «ከዚህ ተነሡ» ከማለቱ በፊት «ወዴት እንሂድ? በምንስ እንኑር?» ለሚለው መልስ ያዘጋጃል። መልሱንም የሚያዘጋጀው ከነዋሪዎቹ ጋር ተመካክሮ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንመለስ። «ጎርፍ ሰው ገደለ» የሚለው አጭር ነው፤ ለወሬ ይመቻል። ከጥናት በኋላ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ግን ይረዝማል፤ «በተራራው ላይ ደን በመመናመኑ፣ ቤቶች በወንዙ መንገድ ላይ በመሠራታቸው፣ ቦዮች በመደፈናቸውና ማስጠንቀቂያ ባለመድረሱ በጎርፉ ሰዎች ሞቱ» የሚል ይሆናል። አጭሩ ዓረፍተ ነገር ሐዘንን ብቻ ይተውልናል። በረጅሙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሐረግ ግን ሠሪ የሚጠብቅ ሥራ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ምንባቡ የተፈጥሮ ኀይልንና አደጋን የለያቸው እንዴት ነው?
2. የደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ መሆን ለነዋሪዎች ስጋት የሚጨምረው ስለ ምንድን ነው?
3. የፈረንሳይ ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ የገባው የትኛውን ሐሳብ ለማስረዳት ነው?
4. «የሚመጣውን ዘመን ግን ሊዋስልን አይችልም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች ፍች ከሰጣችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቧቸው።

ደራሽ ጎርፍ፣ ተጋላጭነት፣ ተፈናቀለ፣ የእንጀራ ገመድ፣ እርከን

ሐ. «በመመናመኑ»፣ «በመሠራታቸው» እና «ባለመድረሱ» የተባሉት ቃላት በመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ምክንያትን ያመለክታሉ። በዚህ ዐይነት የተሠሩ ሦስት ቃላት የሚገኙበት አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መ. በምትኖሩበት ሰፈር ተዘዋውራችሁ በምንባቡ የተጠቀሱትን ሦስት ጥያቄዎች ለነዋሪዎች አቅርቡ። ያገኛችሁትን መልስ መሠረት አድርጋችሁ ከሦስት እስከ አምስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።